ቦዩን የቆፈረ እጅ ድንኳኑንም ይተክላል

በብሪታንያ የሚከበር አንድ የጀልባ በዓል አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። ጀልባዎቹ የሚመጡት በውኃ ላይ ተንሳፍፈው ሳይሆን በመኪና ተጎታች ላይ ተጭነው ነው። የሚወርዱበት ቦይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚረዝም፣ በሁለቱም ጫፍ የተዘጋ፣ ከወንዝም ሆነ ከሌላ ቦይ ጋር ያልተገናኘ ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ፣ ሲመሽ ባለቤቶቻቸው ከውኃው ዳር ተቀምጠው ይጨዋወታሉ። በዓሉ ሲያበቃ ጀልባዎቹ እንደገና ተጎታች ላይ ወጥተው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። የትም በማያደርስ ውኃ ላይ ለመሄድ ይህን ሁሉ መድከም ለምን አስፈለገ?

ያ ቁራጭ ቦይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዛፍ የበቀለበት፣ ቆሻሻ የተጣለበት ጉድጓድ ነበር። ጉድጓዱን ወደ ውኃ የመለሱት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው፤ ቅዳሜና እሑዳቸውን፣ የዓመት ዕረፍታቸውን ሰጥተውበታል። ነገር ግን ጀልባ ሲሄድበት ካልታየ፣ ለአካባቢው ምክር ቤትም ለመንገድ መሐንዲሱም አሁንም ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ጀልባ ያመጡለታል። ሕዝብ ይጠሩለታል። የአካባቢው ሕፃን «ይህ ቦይ የኛ ነው» ብሎ እንዲያድግ የአንድ ቅዳሜ ትዝታ ይሰጡታል።

በብሪታንያ የቦይ እድሳት ታሪክ ውስጥ ቁፋሮውና በዓሉ አንድ ሥራ የሆኑት ለዚህ ነው። ቦይን የሚያኖረው አገልግሎቱ ነው፤ አገልግሎቱን ለሕዝብ ዓይን የሚያቀርበው በዓሉ ነው። ይህ ዘዴ ለሰባ አምስት ዓመታት ሠርቷል። አሁን ግን የመንግሥት ድጎማ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር በጎ ፈቃደኞቹ ሊሸከሙት የማይገባቸው ሸክም እየቀረባቸው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለዚህ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቦይ እንዴት ይሞታል?

የብሪጅዎተር መስፍን ከዎርስሊ የድንጋይ ከሰል ማውጫው እስከ ማንቸስተር ያስቆፈረው ቦይ በ1761 ተከፈተ፤ በከተማዋም የከሰል ዋጋ በግማሽ ገደማ ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ ፈረስ በውኃ ላይ የሚጎትተው ጭነት በመንገድ ላይ ከሚጎትተው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ1790ዎቹ ባለሀብቱ ሁሉ በቦይ አክሲዮን ላይ ተረባረበ። በአካፋና በዶማ አገሩን የቆፈሩት የቀን ሠራተኞች «ናቪ» ተባሉ፤ ቃሉ መርከበኛ ወይም ተጓዥ ማለት ከሆነው «ናቪጌተር» የተቆረጠ ነው። የዛሬዎቹ በጎ ፈቃደኞችም ራሳቸውን በዚሁ ስም ይጠራሉ፤ በኩራት።

ከዚያ ባቡር መጣ። በ1830 የሊቨርፑልና የማንቸስተር መስመር ሥራ ከጀመረ በኋላ የባቡር ኩባንያዎች ብዙ ቦዮችን እየገዙ ጥገና ነፈጓቸው። በ1948 አብዛኞቹ የመንግሥት ንብረት ሆኑ። ከ1962 ወደ 1963 በተሻገረው እጅግ ብርቱ ክረምት ውኃው ለሳምንታት በረዶ ሆኖ ጀልባዎች ከቆሙ በኋላ ደግሞ የቀረው ጭነት ወደ መኪና መንገድ ዞረ፤ አብዛኛውም ተመልሶ አልመጣም።

ቦይ ጀልባ ሲያጣ ባለበት ተኝቶ የሚጠብቅ አይደለም። ጀልባ ሲሄድ ደለሉን ያነቃንቃል፣ ሸምበቆውን ያሳሳል። ጀልባ ሲቀር ደለሉ ይረጋል፣ ሸምበቆው ከሁለቱም ዳር ወደ መሀል ይገሰግሳል፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ዛፍ ይበቅላል። የቦዩ ወለል ውኃ እንዳያሰርግ የተለበጠው በውኃ ተቦክቶ በተረገጠ የሸክላ ጭቃ ነው፤ የዛፉ ሥር ይህን ጭቃ ሲበሳው ውኃው ይሰርጋል። ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ደርቆ ይሰነጠቃል። የሎኮቹ የእንጨት በሮችም እንዲሁ ናቸው፤ በውኃ ርሰው እስካሉ ድረስ ይገጥማሉ፣ ሲደርቁ ይሸማቀቃሉ፣ ይበሰብሳሉ። ሎክ የሚባለው ጀልባን ከዝቅተኛ ውኃ ወደ ከፍተኛው የሚያወጣ የግንብ ክፍል ነው፤ በሁለቱም ጫፍ በር አለው። ጀልባው ይገባል፣ የታችኛው በር ይዘጋል፣ ከላይ ውኃ ይለቀቅበታል፣ ጀልባው ከውኃው ጋር ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ የላይኛው በር ይከፈታል። ሞተር የለውም። የሚያነሣው በክብደቱ ወደ ታች የሚወርደው ውኃ ራሱ ነው።

ከደለልም ከዛፍም የከፋው ግን መንገድ ነው። ከፍ ብሎ የታጠፈው አሮጌ የቦይ ድልድይ ለመኪና አይመችምና የመንገድ ባለሥልጣናት «ቦዩ እንደሆነ ሞቷል» እያሉ ድልድዩን አፍርሰው መንገዱን ደለደሉት፤ ለውኃው ከሥር አንድ ቱቦ አሳለፉለት። በቱቦ ውስጥ ጀልባ አያልፍም። የ1968ቱ የትራንስፖርት ሕግ የመንግሥትን ቦዮች በሦስት ሲመድብ «የንግድ»፣ «የመዝናኛ» እና «ቀሪ» አላቸው። «ቀሪ» የተባሉት በአነስተኛ ወጪ እንዲያዙ ነው የታዘዘው፤ አነስተኛው ወጪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መድፈን ነበር። አንድን ሕያው ነገር «ቀሪ» ብሎ መሰየም ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ሳስብ እገረማለሁ። በዘመኑ የነበሩት ወዳጆቹም የተቆጡት በዚሁ ነበር።

ሁለት ሰዎችና አንድ ጠብ

በነሐሴ 1945 ሮበርት አይክማን የተባለ ጸሐፊ ታርዴቢግ በሚባል ቦታ ወደ ቆመች አንዲት ጀልባ ሄደ። ክሬሲ በተባለችው በዚህች ጀልባ የሚኖረው መሐንዲሱ ቶም ሮልት ነበር፤ ስለ ቦይ ሕይወት በ1944 ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ ሰው አንብቦለታል። ከዚያ ጭውውት በ1946 የአገር ውስጥ የውኃ መንገዶች ማኅበር ተወለደ፤ ዛሬም አለ።

ሁለቱ ግን አልተስማሙም። ሮልት በጀልባ ላይ ተወልደው በጀልባ ላይ ለሚሠሩት ቤተሰቦች ይጨነቅ ነበር፤ ያለውን ትንሽ ጉልበት ሊድኑ በሚችሉ ቦዮች ላይ እናውለው ይላል። አይክማን ጀልባ የሚያስኬድ አንድም ቦይ መተው የለበትም ባይ ነው። ጠቡ የተካረረው በ1950 ማርኬት ሃርቦሮ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ የጀልባ በዓል ዝግጅት ነበር። ከመቶ በላይ ጀልባዎች መጡ፣ ተውኔት ታየ፣ ሕዝብ ጎረፈ። በዓሉ ሰመረ፤ ወዳጅነቱ ፈረሰ። በማግሥቱ ዓመት ሮልት ከማኅበሩ ተለየ።

ሮልት ስለ ሰዎቹ ያለው ሐሳብ ልብ ይነካል፤ የፈራውም ደርሷል፣ የጀልባ ቤተሰቦቹ ሕይወት ጠፍቷል። ስለ ዘዴው ግን አይክማን ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። «ይህኛው ይዳን፣ ያኛው ይሙት» የሚል ዝርዝር አንድ ጊዜ ከተጻፈ የመጨረሻውን መስመር የሚጽፈው የገንዘብ ሚኒስቴሩ ነው። በ1950 ተስፋ የለውም ከተባለው ውስጥ ዛሬ ጀልባ የሚመላለስበት ብዙ ነው።

ከማርኬት ሃርቦሮ በኋላ በዓል የትግል መሣሪያ ሆነ። ማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባውን ሆን ብሎ አደጋ ላይ ወዳሉ ቦዮች ይወስድ ጀመር። በ1961 ወደ ኤይልስበሪ፣ በ1962 ወደ ስቶርብሪጅ ሄደ። ጀልባዎቹ በደለልና በሸምበቆ መካከል እየተፋተጉ መድረሳቸው ራሱ ማስረጃ ነው፤ «አይቻልም» የተባለው ሲቻል ሁሉም አየ።

ማስረጃ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የስትራትፈርድ ቦይ ይመሰክራል። በ1958 የአካባቢው አስተዳደር አንድ ድልድይ በርካሽ ለመሥራት ሲል የቦዩ ደቡባዊ ክፍል በይፋ እንዲዘጋ ጠየቀ፤ ለዓመታት ማንም አልተጠቀመበትም ብሎ። በጎ ፈቃደኞቹ ግን በትንሽ ታንኳ የቀዘፉ ሰዎች የከፈሉበትን የማለፊያ ትኬት ይዘው ቀረቡ። አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ቀን አለበት፣ ክፍያ አለበት። የመዝጋቱ ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ብሔራዊ የቅርስ አደራ ድርጅት የሆነው ናሽናል ትረስት ቦዩን ተረከበ፤ ዴቪድ ሃቺንግስ የተባለ አርክቴክት ሥራውን እንዲመራ ተደረገ። በጎ ፈቃደኞች፣ ወታደሮችና ከበርሚንግሃም ወኅኒ የመጡ እስረኞች አብረው ቆፈሩ። ሐምሌ 11 ቀን 1964 የንግሥቲቱ እናት መጥተው ከፈቱት፤ የሼክስፒር አራት መቶኛ የልደት ዓመት ነበርና በዓሉ ከተማዋን ሞላት። ሃቺንግስ ከዚያ ወደ ላይኛው የኤቨን ወንዝ አልፎ በ1974 እርሱንም ለጀልባ አበቃው።

ደቦ

በማንቸስተር ምሥራቅ ያለው የአሽተን ቦይ ግን የከተማ ቦይ ነበር፤ ዛፍ ሳይሆን ፍራሽ፣ ብስክሌትና የቤት ፍርስራሽ ነው የሞላው። በመስከረም 1968 በአንድ የሳምንት መጨረሻ ከስድስት መቶ በላይ ሰዎች ከመላ አገሪቱ መጥተው ወደ 2,000 ቶን የሚጠጋ ቆሻሻ አወጡ። በመጋቢት 1972 ደግሞ አንድ ሺህ ያህል ሆነው ተመለሱ፤ 3,000 ቶን አወጡ። እነዚህን ቁጥሮች ሳነብ የሚታየኝ የጭቃው ክብደት ብቻ አይደለም። ለቦዩ አቅራቢያ ነዋሪዎች የተነገራቸው መልእክት ነው። ለዓመታት «ሕፃን ይሰጥምበታል፣ ይደፈን» ሲሉ የቆዩ ሰዎች ከለንደን የመጣ እንግዳ በደጃቸው ጭቃ ሲዝቅ አዩ። በ1974 አሽተንና ከእርሱ ጋር የሚገናኘው የታችኛው የፒክ ፎረስት ቦይ እንደገና ተከፈቱ።

እነዚህን ሰዎች ያገናኛቸው ግራሃም ፓልመር የተባለ ወጣት ነበር። በ1966 የትኛው ቦይ ላይ መቼ ሥራ እንዳለ የሚናገር አነስተኛ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። በ1970 የውኃ መንገዶች መልሶ ማቋቋሚያ ቡድን መሠረተ፤ በየአካባቢው ተበታትነው የሚሠሩ ማኅበራት ጉልበትና መሣሪያ በሚያንሳቸው ጊዜ የሚደርስላቸው ተንቀሳቃሽ ኃይል ነው። ለዚህ አሠራር በአማርኛ ከደቦ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። ባለ እርሻው የአካባቢው ማኅበር ነው፤ ደቦኛው ይመጣል፣ ሠርቶ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ ነው።

በበጋ ወራት ቡድኑ የአንድ ሳምንት የሥራ ካምፖች ያዘጋጃል። ሰዎቹ የሚያድሩት በመንደር አዳራሽ ወለል ላይ ነው፤ ፍራሻቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ለምግባቸው መጠነኛ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ አንዱ ወጥ ቤት ይሆናል። ጠዋት ጡብ የሚያነሣው ተማሪ አጠገቡ ያለው ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ወይም የባንክ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ኤክስካቫተር መንዳት፣ በኖራ መገንባት፣ የመሬት ከፍታ መለካት እዚያው ይማራሉ። የኤዲንብራ መስፍን ሽልማት የሚባለውን የወጣቶች መርሐ ግብር የወርቅ ደረጃ ለማግኘት የሚመጡ ወጣቶችም አሉ፤ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር አምስት ቀን መኖርና መሥራት ግዴታቸው ነውና።

ሥራው ቅጥ አለው። ዛፍ መቁረጥ የብርዱ ወራት ሥራ ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ ወፎች ጎጆ ስለሚሠሩ መጥረቢያው ይሰቀላል። ቁጥቋጦው ሲነሣ የሎኩ ግድግዳ ይወጣል። ያኔ ነው ፍርዱ፤ የትኛው ጡብ ይዳናል፣ የትኛው ይለወጣል። በሲሚንቶ መለሰን ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሲሚንቶ ድርቅ ያለ ነው፣ አሮጌው ግድግዳ እንደ ወቅቱ ሲነቃነቅ አብሮት አይነቃነቅም፤ ከመተጣጠፍ ይልቅ ጡቡን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ወደ ኖራ ይመለሳሉ። ኖራ ደግሞ ይዘገያል፣ ብርድ ይፈራል፣ በጨርቅ መሸፈን ይፈልጋል። አንድ የሎክ ግድግዳ ለመጨረስ በርካታ በጋዎች ያልፋሉ። ጡቡን የጀመረው ሰው ላይጨርሰው ይችላል፤ ይህንን እያወቀ ይጀምረዋል።

በዌልስ ድንበር ላይ ባለው የሞንትጎመሪ ቦይ ላይ አንድ ጥልቀት የሌለው ሎክ አለ። ቦዩ ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት መሬቱ ስለሰመጠ ቀድሞ ያልነበረ አዲስ ሎክ መጨመር ግድ ሆነ፤ በጎ ፈቃደኞቹ ገነቡት። ፓልመር በ1988 ሞቶ ነበርና ስሙን ሰጡት።

ድንኳን የሚተክሉት እነማን ናቸው?

የበዓሉ ቀን የሚታየው ሌላ ነው። በደማቅ ቀለም ጽጌረዳና ቤተ መንግሥት የተሳለባቸው፣ ስፋታቸው ከሁለት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ረጃጅም ጠባብ ጀልባዎች፣ በሰልፍ ቆመው፣ ባንዲራ ለብሰው። በለንደን ሊትል ቬኒስ ከ1983 ጀምሮ በግንቦት መጀመሪያ ሲከበር በቆየው በዓል ጀልባዎቹ ማታ ማታ መብራት አብርተው ይሰለፋሉ። ጀልባ ነጂዎች በጠባብ ቦታ የመንዳት ብቃታቸውን የሚያሳዩበት ውድድርም አለ።

ከበዓሉ ቀን በፊትና በኋላ ያለውን ግን ማንም ፎቶ አያነሣውም። ባዶ ሜዳ ላይ አጥር ይታጠራል፣ ለመኪና ጎማ የሚሆን ንጣፍ ይነጠፋል፣ ጄነሬተርና የመብራት ገመድ ይዘረጋል፣ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ይሳባል፣ መጸዳጃ ይቆማል፣ በየማታው ቆሻሻ ይሰበሰባል። ይህን ሲሠሩ የኖሩት በአብዛኛው ያው የካምፕ ሰዎች ናቸው። የአገሪቱ ትልቁ የቦይ በዓል በሚዘጋጅባቸው ዓመታት የቁፋሮው ቡድን ከአካፋው ቆም ብሎ ሁለት ሳምንት ያህል ሜዳ ላይ ይሰፍር ነበር።

አንዳንድ ቆፋሪዎች በዚህ ያጉረመርማሉ፤ «ድንኳን ስንተክል ያጠፋነው ሳምንት አንድ ሜትር ግድግዳ ይሆነን ነበር» ይላሉ። ስሌቱ ትክክል ይመስላል፤ የሚጎድለው ግን አንድ ነገር አለ። ግድግዳው ላይ የሚቆሙት አዲስ ሰዎች ከየት ይመጣሉ? ብዙ በጎ ፈቃደኛ የመጀመሪያ ትውውቁ ከበዓል ነው። የመንደሩ ሰው በዓሉ ላይ የማኅበሩን ጠረጴዛ ያያል፣ አሮጌ ፎቶግራፍ ይመለከታል፣ «አያቴ ጓሮ ያለው ጉድጓድ ይህ ነው እንዴ?» ይላል። የምክር ቤት አባልም ይመጣል፤ ሕዝብ ባለበት ፖለቲከኛ አይጠፋም። የሚቀጥለው ድልድይ ለጀልባ ማለፊያ በሚበቃ ከፍታ እንዲሠራ ድምፅ የሚሰጠው እርሱ ነው።

ይህ ድምፅ ካልተገኘ ምን እንደሚሆን፣ ሲገኝም ምን ያህል ብቻውን እንደማይበቃ ለማየት ወደ ሊችፊልድ መሄድ ነው። በ2003 የተከፈተው ኤም 6 ቶል የተባለ ክፍያ የሚጠየቅበት ፈጣን መንገድ የአሮጌውን ቦይ መስመር ይቆርጠው ነበር። መንገዱ አንድ ጊዜ ካለፈ በኋላ በላዩ ድልድይ መሥራት ከአካባቢው የቦይ ማኅበር አቅም በላይ ይሆናል። ስለዚህ ማኅበሩ ተዋናዩ ዴቪድ ሱሼት ባገዘው ዘመቻ ገንዘብ ሰብስቦ፣ መንገዱ ለትራፊክ ሳይከፈት ቦዩን ከመንገዱ በላይ የሚያሻግር የብረት የውኃ ድልድይ አስተከለ። ድልድዩ ከመኪናዎቹ በላይ ቆሟል፤ ውኃ ግን የለበትም፣ ወደ እርሱ የሚያደርሰው ቦይ ገና አልተቆፈረምና። ከሥሩ የሚያልፈው አሽከርካሪ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። በእኔ ዓይን ግን በዚህ ንቅናቄ ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ የእምነት ሥራ እርሱ ነው።

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ያለው ክርክር ችላ የሚባል አይደለም። ጀልባ ያልሄደበት ቦይ ለአንዳንድ ፍጥረታት መጠጊያ ሆኗል። በሞንትጎመሪ ቦይ ውስጥ በአውሮፓ እየጠፋ ያለ አንድ ተንሳፋፊ የውኃ ተክል በብዛት ይገኛል፤ ቦዩም በሕግ የተጠበቀ ቦታ ነው። ጀልባ ከበዛ ተክሉ ይጠፋል። ጀልባ ጨርሶ ከቀረ ደግሞ ሸምበቆው ውጦት ተክሉ ያው ይጠፋል። በ1969 ሊሠራ የነበረ መንገድ የቦዩን አልጋ ሊወስድ ሲል ዌልሽፑል ከተማ መጥተው የቆፈሩት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ የሚጠበቅ ተክል በዚያ አይኖርም ነበር። መፍትሔው ከቦዩ ጎን ለተክሉ የተለዩ ኩሬዎችን መሥራትና የጀልባዎቹን ብዛት መወሰን ሆኗል። ዘገምተኛ መፍትሔ ነው፣ ወጪም አለው፤ የተሻለ ግን አልተገኘም።

2027

ጉዳዩ አሁን አንገብጋቢ የሆነው በገንዘብ ነው። በ2012 መንግሥት በእንግሊዝና በዌልስ ያሉትን የመንግሥት ቦዮችና ወንዞች፣ ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር የሚደርሱትን፣ የካናልና ወንዞች አደራ ለተባለ አዲስ የበጎ አድራጎት ድርጅት አስረከበ። አብሮት ለአሥራ አምስት ዓመት የሚቆይ ድጎማ ሰጠ፤ በዓመት ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ። ውሉ በ2027 ያበቃል። በሐምሌ 2023 መንግሥት ቀጣዩን አሳወቀ፤ ለአሥር ዓመት በጠቅላላው 400 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል፣ በየዓመቱ 5 በመቶ እየቀነሰ የሚሄድ። የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ ከቀድሞው ጋር ያለው ልዩነት ከ300 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚሆን ድርጅቱ አስታውቋል። የጀልባ ባለቤቶችና ማኅበራት ቦዮቹ ገንዘብ ይመደብላቸው የሚል የጋራ ዘመቻ አቋቁመዋል፤ ጀልባዎቻቸውንም አሰልፈው ወደ ፓርላማው ወንዝ ዳር አምርተዋል። አሮጌው ዘዴ እንደገና መሆኑ ነው፤ ሕዝብ እንዲያይ በውኃ ላይ መውጣት።

የመንግሥት ሐሳብ ይገባኛል። ድርጅቱ በራሱ ገቢ እንዲቆም ይፈለጋል፤ ከንብረት ኪራይ፣ ከጀልባ ፈቃድ፣ ከስጦታ። በጎ ፈቃደኞቹም እያደጉ ነው፤ ዛሬ ሎክ ላይ ጀልባ የሚያሳልፉ፣ ሣር የሚያጭዱ፣ የሎክ በር ቀለም የሚቀቡ ብዙ ናቸው። «እነርሱ እየሠሩት መንግሥት ለምን ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ በየዋህነት ሊነሣ ይችላል።

የጥያቄው ስሕተት የቱ ጋ እንደሆነ ለማየት በዚያው በፒክ ፎረስት ቦይ ላይ ያለችውን ዌሊ ብሪጅ ማየት ይበቃል። ቦዩ ውኃ ሲያገኝ የኖረው ከከተማዋ በላይ ካለ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠራ ቶድብሩክ ከሚባል የአፈር ግድብ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2019 ከከባድ ዝናብ በኋላ የግድቡ ማስተንፈሻ ኮንክሪት ከፊሉ ተደረመሰ፤ ወደ 1,500 የሚሆኑ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጡ፣ የአየር ኃይል ሄሊኮፕተር ክፍተቱን ለመድፈን ጠጠር የተሞሉ ከረጢቶች ጣለ። በ1972 አንድ ሺህ ሰው ተሰብስቦ 3,000 ቶን ቆሻሻ ያወጣለት የቦይ መስመር ውኃ ሲጠጣ የኖረው ከዚህ ግድብ ነው። የሺህ ሰው ደቦ ቦዩን ሊያጸዳው ችሏል፤ ግድቡን ሊጠግን ግን አይችልም፣ ሊጠየቅም አይገባም። ያ ሥራ የመሐንዲስ ክትትል፣ የዓመታት በጀትና በሕግ የሚጠየቅ ባለቤት ይሻል።

በጥር 1 ቀን 2025 ደግሞ የሁሉ መነሻ የሆነው የብሪጅዎተር ቦይ በደንሃም ማሲ አጠገብ በከባድ ዝናብ ግድግዳው ተንዶ ውኃው ወደ ማሳ ፈሰሰ፤ መስመሩም ለሁለት ተቆረጠ። ያ ቦይ የግል ይዞታ ነው። ከ250 ዓመት በፊት በሰው እጅ የተከመረ አፈር ዛሬ በሚዘንበው ዝናብ ፊት ምን ያህል እንደሚቋቋም በባለቤትነት የሚለይ ነገር የለም። ዝናቡ ሲበዛ ግድግዳው ይናዳል፤ ድርቅ ሲመጣ ግድቦቹ ይጎድላሉ፣ ሎክ ይዘጋል። አንድ ጀልባ በአንድ ጠባብ ሎክ ሲያልፍ ከመቶ ሺህ ሊትር የሚበልጥ ውኃ ወደ ታች ይወርዳልና።

እኔን የሚያሳስበኝ በጎ ፈቃደኞቹ ይሰለቻሉ ብዬ አይደለም። የሠሩት ሥራ በሌላ ሰው ቸልተኝነት ሲፈርስ እንዳያዩ ነው። በጎ ፈቃደኛ የሚመጣው የሞተ ነገር ሲነሣ ለማየት ነው። አንድን ቦይ ለመክፈት ሠላሳ ዓመት የሚታገል ሰው አለ፤ በየዓመቱ ሊዘጋ የሚንገዳገድን ቦይ በነፃ ጉልበቱ ደግፎ የሚኖር ሰው ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በላይ የቀደመው ትውልድ እያረጀ ነው። በ1972 በአሽተን ጭቃ ውስጥ የቆመ የሃያ ዓመት ወጣት ዛሬ ሰባ አልፎታል። ካምፖቹ ወጣት እያገኙ ነው፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ሐሙስ ያለማቋረጥ የሚመጣው አሁንም ጡረተኛው ነው። ለበዓል የሚጠየቀው የመድን ዋስትናና የደኅንነት ወረቀትም ከድንኳኑ ይልቅ እየከበደ ሄዷል፤ የትንንሾቹ ማኅበራት ጉልበት እዚያ ላይ ሲያልቅ ያሳዝናል።

ስለዚህ ክፍፍሉ ግልጽ መሆን አለበት ብዬ እከራከራለሁ። አዲስ ቦይ የመክፈት ሥራ፣ ሕልሙ፣ ዘመቻው፣ ኖራውና ጡቡ፣ በዓሉም የበጎ ፈቃደኞቹ ይሁን። ግድቡ፣ ግድግዳው፣ ዋሻው፣ የውኃው አቅርቦት የመንግሥት ግዴታ ሆኖ ይቀጥል፤ ከቦዩ የሚጠቀመው ጀልባ ያለው ብቻ አይደለምና። ጥንት ፈረሶች ጀልባ እየጎተቱ ይሄዱበት የነበረውን የቦይ ዳር መንገድ የሚጠቀሙት አብዛኞቹ እግረኞችና ብስክሌተኞች ናቸው፤ ከሥሩ የስልክና የኢንተርኔት ገመድ ተቀብሯል።

በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል ያለው የቼስተርፊልድ ቦይ በ1777 ነው የተከፈተው። በ1907 የኖርዉድ ዋሻው ስለተደረመሰ ለሁለት ተቆረጠ። ለአሥርተ ዓመታት በጎ ፈቃደኞች ከሁለቱም ወገን እየቆፈሩ ሲቀራረቡ ኖረዋል፤ ከ74 ኪሎ ሜትሩ የቀረው 14 ያህል ነው፤ ዋሻው ያለበት እጅግ ከባዱ ክፍል። ማኅበሩ ለዓመታት ግብ አድርጎ የያዘው ቦዩ 250 ዓመት በሚሞላው በ2027 እንዲያልቅ ነበር። የመንግሥት ድጎማ መቀነስ የሚጀምረውም በዚያው ዓመት ነው። ስቴቭሊ በሚባለው ከተማ አጠገብ ሎክና የጀልባ ማቆሚያ ገንዳ ተሠርቷል፣ በዓልም ተከብሮበታል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ያለውን ክፍል አሁንም እየቆፈሩት ነው።